አስሩጣት

«ሬድገም ሊቀመንበር ቀየረ፣ አሠልጣኝ ቀየረ፣ ማሊያ ቀየረ። ያልቀየረው ሽንፈቱን ብቻ ነው» አሉ ጋሼ አስማማው፣ አጥሩን ተደግፈው ቺፕስ እየበሉ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር፤ ከሬድገም ሆኪ ክለብ ኪዮስክ ለጾመኛ የሚሆን ሌላ ነገር አይገኝም።

ዓለምጸሐይ እጆቿን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከታ ሜዳውን ታያለች። ከግራው ግብ ኋላ፣ አጥሩ ወደ መኪና ማቆሚያው በሚታጠፍበት ጥግ፣ ባሏ ካሣዬ ዐሥራ ዘጠኝ ክረምት የቆመበት ቦታ አለ። እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ የምትቆመው እሷ ናት። ሰዎች የባሏን አደራ ጠባቂ አድርገው ያዩአታል፤ ልጇ ያኔት ደግሞ እናቷ ከቤት መውጣቷን ብቻ እንደ መድኃኒት ትቆጥረዋለች። ዓለምጸሐይ ሁሉንም እንዳሰቡት ተወቻቸው። ለምን እንደምትመጣ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«ይሄ ልጅ ባይኖር» አሉ ጋሼ አስማማው፣ በያዙት ቺፕስ ወደ አሠልጣኙ እየጠቆሙ፣ «ይሄኔ ከምድቡ ወርደን፣ ከወረድንበትም ወርደን፣ ጉድጓድ ውስጥ ነበር የምንጫወተው።»

ይሄ ልጅ ያሉት ሩቤልን ነው። ሩቤል ሜልበርን ዳር፣ ሜልተን ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ነው። ሆኪ የሚሉትን ነገር ያወቀው በልጅነቱ እናቱ እጁን ይዛ እዚሁ ሜዳ ስታመጣው፣ ከካሣዬ ነው። አሁን ከሜዳው ዳር ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጨዋታውን ይከታተላል። ሊያም የሚባል ቀይ ፀጉር ያለው ልጅ ኳሷን በዱላው እየገፋ፣ አንዱን አልፎ ሁለተኛው ላይ ሊጋጭ ሲል ሩቤል ቀና አለና ጮኸ።

«አስሩጣት!»

ሊያም ወዲያው ቆም አለና ኳሷን ሰደዳት። ኳሷ በረጠበው ሰው ሠራሽ ሣር ላይ እያፏጨች በተቃራኒው ክንፍ ለቆመው ጓደኛው ደረሰች።

ዓለምጸሐይ ዓይኗን ለአንድ አፍታ ከደነች። የመጣችው ለዚህ ነበር።

*

ካሣዬ የሰላሌ ሰው ነበር። ሜልበርን በገቡ በሁለተኛው ዓመት፣ በሐምሌ ብርድ፣ ከትራም ሹፌርነት ፈረቃው ወጥቶ እሷን ከሥራዋ ወስዷት በዌስት ፉትስክሬይ በኩል ወደ ቤት ሲነዱ፣ ድንገት መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ጎማ የተነፈሰ መስሏት ነበር።

«ዓለም፣ ነይ ውረጂ! ፈረንጆቹ ገና እየተጫወቱ ነው!»

«ሆኪ ነው የሚባለው» አለችው ከመቀመጫዋ ሳትነሣ። ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ተምራ፣ አገሯ ላይ አስተምራ የመጣች ሴት ናት፤ የነገሮችን ትክክለኛ ስም መጥራት ትወዳለች።

«ስሙን ተይው። ዱላው ቆልማማ ነው፣ ጥንጓም ትሮጣለች። ሌላ ምን ቀረ?»

ሌላ የቀረ ነገር እንዳለ ካሣዬ ያወቀው ቆይቶ ነው። በሰላሌ፣ ገና ሲጫወቱ የተሸነፈው ወገን ይሰደባል። የተሸነፈው የአገሩ ጌታ ራሱ ቢሆን፣ ጭሰኛው ፊቱ ቆሞ በግጥም ያበጥረዋል፤ ጌታው ደግሞ ይስቃል፣ ባይስቅ እንኳ ጥርሱን ነክሶ ያሳልፈዋል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ፈረንጆቹ ዱላውና ኳሷ አላቸው፣ ይህ ግን የላቸውም። ካሣዬ ይህን ጉድለት እንደ ግል ሥራው ቆጠረው።

በዚያን ጊዜ የሬድገም ሊቀመንበር ሮን የሚባል ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ሆዱ ከእሱ አንድ እርምጃ ቀድሞ የሚገባ ሰው። በየዓመቱ ውድድሩ ሲያበቃ ክለቡ እሑድ ቀን ምሳ ያበላል፤ በምሳው መጨረሻ ሊቀመንበሩ ተነሥቶ የሚመጣውን ዓመት አሠልጣኝ ስም ይናገራል። ካሣዬ በአንዱ ዓመት ከስሙ በፊት ብድግ አለና በአማርኛ ገጠመ።

«ሮን ሆዱ ይበቃል በሩ ላይ ይቁምልን፣
ኳሷ ሳትሳለመው አልፋ አትገባብን።»

ከዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው አስረዳ። ሮን ሆዱን አየ፣ ካሣዬን አየ፣ ከዚያም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ግጥሙ ከአሠልጣኙ ስም በፊት የሚመጣ የክለቡ ወግ ሆነ። ተጫዋቾቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ «ካሲ! ካሲ!» ይላሉ፤ ካሣዬ ይነሣል፤ ሮን ይሰደባል። ሮን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የምትለውን ምሳሌ ሳይቀር ወደዳትና ካሣዬን በገዛ እጁ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በሁለቱም ቋንቋ አስጽፎ ከመጠጥ ቤቱ ባንኮኒ በላይ ሰቀላት።

ሌላው የካሣዬ ሥራ ልጆቹ ነበሩ። ልጅ ኳስ ሲያገኝ ይዟት ይሮጣል፤ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይሮጣል፤ ከዚያ ይቀማል። «አንተ አትሩጥ፤ እሷን አስሩጣት» ይላቸው ነበር፤ ውሎ አድሮ «አስሩጣት» ብቻ ቀረች። አማርኛ የሚባል ቋንቋ መኖሩን የማያውቁ እነሊያም፣ እነጆሽ፣ ቃሏን እንደ ዱላቸው ለመዱአት። ካሣዬ ሲጠራት የመጀመሪያዋን ፊደል ያዝ አድርጎ መጨረሻዋን ወደ ላይ ይለቃታል። ሩቤልም ሲጠራት እንደዚያው ነው። ድምፁ የሩቤል ነው፤ አለቃቀቁ ግን የካሣዬ ነው፤ በዓለም ላይ እንደዚያ አድርጎ የሚለቃት ሌላ ሰው የለም። ዓለምጸሐይ ቤት ውስጥ የባሏን ፎቶግራፍ አይታ አታለቅስም፤ ልብሱንም ለቤተ ክርስቲያን ከሰጠች ቆየች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ኮቷን ለብሳ ወደ አጥሩ ትሄዳለች።

*

ካሣዬ ካረፈ ጥቂት ቆይቶ ሮን ጉልበቱ ሲከዳው ሊቀመንበርነቱን አስረክቦ ልጁ ጋ ወደ ኩዊንስላንድ ሄደ። በሱ ቦታ ዳሚየን ተመረጠ። ዳሚየን ከተማ ውስጥ ድርጅቶችን የሚያማክር፣ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሰው ሲያናግረው ራሱን ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዓለምጸሐይ ይህን ለራሷም ቢሆን አትክድም። ብቻ አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚታየው መለወጥ ያለበት ሰው ነበር።

ለዓመታት ቡድኑን የያዘውን አሠልጣኝ ውድድሩ ሳይጋመስ አሰናበተው። ከምሥራቅ ሜልበርን ያመጣው ሁለተኛው በክረምቱ አጋማሽ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ሄደ፤ ወደ ሌላ ክለብ ነበር የሄደው። ማሊያው ከቀይ ወደ ግራጫ ተለወጠ። የክለብ ቤቱ ጣራ በአንድ በኩል ያፈስሳል፤ በሮን ጊዜ ሮን ራሱ መሰላል ተሸክሞ፣ እየተሳደበ፣ ወጥቶ ይደፍነው ነበር። ዳሚየን ውኃው ያበሰበሰውን ምንጣፍ አስነሥቶ አዲሱ አርማ የተሸመነበት ምንጣፍ አነጠፈበት። ዝናብ ሲመጣ ባልዲው እዚያው አርማው ላይ ይቀመጣል።

የቀረውን ጨዋታ የሚይዝ ሰው ሲጠፋ ሩቤልን «ለጊዜው ያዝልን» አሉት። ቡድኑ የምድቡ መጨረሻ ነበር። ሩቤል ተአምር አልሠራም፤ ጥቂት ተሸነፈ፣ ጥቂት አቻ ወጣ፣ ሁለቴ አሸነፈ። እየዳኸም ቢሆን ከመጨረሻው ደረጃ አንድ ከፍ አደረጋቸው። የዛሬው የመጨረሻው ጨዋታ ነው፤ አቻ ከወጡ ይተርፋሉ፣ ከተሸነፉ ይወርዳሉ።

አቻ ወጡ። ጋሼ አስማማው ቺፕሱን ጥለው ዓለምጸሐይን አቀፏት፣ ከዚያ ደንግጠው ለቀቋት።

ሩቤል ፊቱን በማሊያ እየጠረገ ወደ አጥሩ መጣ። «እትዬ ዓለም፣ አዩልኝ?»

«አየሁ። እንኳን ደስ ያለህ።»

ወደ አጥሩ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለማንም አይንገሩብኝ። ጸሐፊዋ ሊሊ ነግራኝ ነው። ለሚመጣው ዓመት የኔ ስም ዳሚየን ንግግር ውስጥ አለ። እሑድ ምሳው ላይ ይናገረዋል።»

«እሰይ» አለች ዓለምጸሐይ። ሌላ ቃል አልመጣላትም። የሚመጣው ዓመት ቅዳሜዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ፊቷ ተደረደሩ።

ጋሼ አስማማው ጆሯቸው ሩቅ ይሰማል። «ስም ካለ ግጥም አለ» አሉ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ። «ካሣዬ ካረፈ ወዲህ ምሳው ለቅሶ ቤት ሆኖ ቀርቷል። ያለ ግጥም የተሾመ አሠልጣኝ ደግሞ ምን እንደሆነ አይተናል፤ ሁለቱም አልበረከቱም። ዘንድሮ አንቺ ትገጥሚያለሽ።»

«እኔ ገጣሚ አይደለሁም ጋሼ።»

«ዩኒቨርሲቲ ምን አስተማሩሽ ታዲያ?»

*

እሑድ ዘነበ። ባልዲው አርማው ላይ ተቀምጦ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ያኔት እናቷን ለማጀብ ከምትኖርበት ከክሬጊበርን መጥታ አጠገቧ ተቀምጣለች። ጋሼ አስማማው መንገድ ላይ የግጥሙን ነገር አንሥተውባት ስለነበር ገና ኮቷን ሳታወልቅ ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ማም፣ ፕሊስ፣ ዶንት። ሂ ኢዝ ኖት ሮን።»

«ምንም አላልኩም እኮ።»

ዓለምጸሐይ እውነቷን ነበር። ለመግጠም አላሰበችም። እርግጥ ቅዳሜ፣ አጥሩ ላይ ሆና፣ ዝናቡ በክለብ ቤቱ ጣራ ላይ ሲወርድ ስታይ ሁለት ስንኝ መጥተውላት ነበር፤ ግን ካሣዬ ቢኖር ምን ይል ነበር ብላ ለራሷ ያደረገችው ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ ከራሷ ጋር ብዙ ትጫወታለች።

ምግቡ ተበላ። ዳሚየን ተነሣ። ከውስጥ ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋና ስፖንሰሮችን አመሰገነ፣ ምንጣፉን በርካሽ ያገኙለትን ሰዎች አመሰገነ፣ ክለቡ «አዲስ ምዕራፍ» ውስጥ መግባቱን ተናገረ። «ይህን ክለብ ያቆሙትን ሁሉ» አለ፤ የማንንም ስም አልጠራም። ከራሱ በላይ የካሣዬ ሰሌዳ ተሰቅላለች። የባሏ የእጅ ጽሕፈት፣ ጠማማዋ «ጌ»።

«እንግዲህ ወደሚመጣው ዓመት ልግባ» አለ ዳሚየን፤ ወረቀቱን ገለበጠ።

ያኔ ነበር ጋሼ አስማማው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው የመቱት። «ግጥም!» አሉ። ሊያም ቃሉን አያውቀውም፣ ምቱን ግን ያውቀዋል። እሱም መታ። ጆሽ መታ። ትልልቆቹ ተጫዋቾች ሁሉ፣ የሮን ጊዜ ልጆች፣ ሹካና ቢላዋው እስኪዘል ጠረጴዛውን ደበደቡ።

«ካሲ! ካሲ! ካሲ!»

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስሙ ከተጠራ ሁለት ዓመት አልፎታል። ዓለምጸሐይ መቼ እንደ ተነሣች አታውቅም። ያኔት ክንዷን ስትይዛት፣ ቆማ ነበር።

«በባለቤቴ ፈንታ ነው» አለች በእንግሊዝኛ። ከዚያ ወደ ዳሚየን ዞረች፤ በወጉ እንደሚደረገው፣ የሚሰደበውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች።

«ቤቱ ሲያፈስ ጊዜ ምንጣፉን ቀየረ፣
ቀዳዳው ጣራ ግን ወንበር ላይ ነበረ።»

ጋሼ አስማማው «ወይ አንቺ!» ብለው ጮኹ። የቀሩት ትርጉሙን ጠበቁ። የካሣዬ እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ግማሹ መንገድ ላይ ይፈስ ነበር። ዓለምጸሐይ ግን የነገሮችን ትክክለኛ ስም የምታውቅ ሴት ናት። ተረጎመችው፤ አጥርታ፣ አንድም ሳታስቀር።

ባልዲው ጠብ አለ።

መጀመሪያ ሊያም ሳቁ በአፍንጫው አመለጠው። ከዚያ አንድ ጠረጴዛ፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ፈነዳ። ሩቤል ሳቁን ሊገታ ሞከረ፤ ፊቱን በናፕኪን ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል፣ ሁሉም ያየዋል። ዓለምጸሐይ ተቀመጠች። ከባሏ ቀብር ወዲህ እንዲህ ቀልሏት አያውቅም።

ዳሚየንም ፈገግ ብሎ ነበር። ሳቁ እስኪያልቅ ራሱን ዘንበል አድርጎ ጠበቀ። «ደስ ይላል። ሁሉም ሰው አስተያየት ሊኖረው ይገባል» አለ። ከዚያ ወረቀቱን አንዴ አጠፈ፣ ደግሞ አጠፈ፣ ወደ ውስጥ ኪሱ መለሰ። «ኬኩ ቀርቧል፤ እባካችሁ ተነሡ።»

ዳሚየን የአሠልጣኙን ስም መናገር የረሳ መሰላት ለዓለምጸሐይ። ከኬኩ በኋላ ይላል ብላ ጠበቀች። ሩቤል ሳቁ ፊቱ ላይ እንደ ቀረ ወደ ሊሊ ዞረ፤ ሊሊ ሳህኗን አየች።

«ማም» አለች ያኔት፤ አሁን በአማርኛ ነበር፣ ቀስ ብላ። «ወረቀቱን አጠፈው እኮ።»

*

ማክሰኞ ለደጋፊዎች ሁሉ ኢሜይል ደረሰ። ክለቡ ለሚመጣው ዓመት ከውጭ አሠልጣኝ ማግኘቱን በደስታ ይገልጻል፤ ሩቤልን ስለ ጊዜያዊ አገልግሎቱ ያመሰግናል። ከታች አዲስ የደጋፊዎች ሥነ ምግባር ደንብ ነበር፤ አመራሩን በአደባባይ ማንቋሸሽ ክልክል ነው ይላል። የማንም ስም አልተጻፈም። ዳሚየን ጨዋ ሰው ነው።

ጋሼ አስማማው ስልክ ደወሉ። «በገና ተቆጣ? ጌታ የተባለ ሰው፣ በገና?»

«እሱ ገና መሆኑን በምን ያውቃል ጋሼ?»

«ሰሌዳው ከአናቱ በላይ ነበር እኮ! በእንግሊዝኛም ተጽፏል!»

ዓለምጸሐይ ስልኩን ዘግታ ብዙ ቆየች። ሮን ያልተቆጣው ምሳሌውን ስላወቀ እንዳልነበር አሁን ገባት። ሮን መጀመሪያ በተሰደበ ቀን ሰሌዳውም ወጉም አልነበረም። ሮን ጣራው ላይ ራሱ ይወጣ ስለነበር ነው የሳቀው፤ ስድቡ የሚነካው ሆዱን ብቻ ነበር። ዳሚየን የተቆጣውም ለግጥሙ አልነበረም፤ ግጥሙን ይችለው ነበር። ያልቻለው በሳቅ የተንቀጠቀጠውን የሩቤልን ትከሻ ነው። ካሣዬ ቢሆን ይህን ያውቅ ነበር። ካሣዬ ከመነሣቱ በፊት ሁልጊዜ ሰውዬውን አየት ያደርግ ነበር፤ የሚችል ሰው መሆኑን መዝኖ ነበር የሚሰድበው። እሷ የባሏን ወግ ይዛ፣ ሚዛኑን ግን ቤት ትታ ነው የተነሣችው።

በሳምንቱ ሩቤል በሯን አንኳኳ። ሰሌዳዋን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዟል።

«ግድግዳውን ቀለም ሊቀቡ አወረዷት። መልሰው የሚሰቅሏት አልመሰለኝም። ሊሊ ለእርስዎ ስጥልኝ አለች።»

«ግባ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እኔ በእርስዎ አልተቀየምኩም። ይህን ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

«ተቀየምና ይውጣልህ። ይሻላል።»

«አልተቀየምኩም አልኩ።»

«ለምን ሳቅህ?» አለችው። ቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። «ቆጠብ ብትል ኖሮ እኔን ብቻ ነበር የሚቆጣው።»

ሩቤል እጆቹን አገላበጠ። «ምን ላድርግ፣ አሳቀኝ። ሲነሡ፣ ዓይኑን ሲያዩት፣ መጨረሻዋን ከፍ ሲያደርጓት፣ ጋሼ ካሣዬ የተነሡ ነው የመሰለኝ።»

ዓለምጸሐይ ውኃ ላምጣልህ ብላ ወደ ኩሽና ገባች። ቧንቧውን ከፍታ ብርጭቆው ሞልቶ ሲፈስ ቆየች። ስትመለስ ፊቷ ደረቅ ነበር። ሩቤል ውኃውን ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። ሰሌዳዋን ከነብርድ ልብሷ ጋራዥ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠቻት።

*

በሚያዝያ ውድድሩ ሲጀመር ሬድገም ማሸነፍ ጀመረ።

ይህን አልጠበቀችም። አዲሱ አሠልጣኝ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ጮክ ብሎ የማይናገር ሰው ነው። አንዱን አሸነፉ፣ ሌላውን አሸነፉ፣ ባለፈው ዓመት የቀጣቸውን ቡድን ገርፈው ሰደዱት። ጣራው ሳይቀር ተሠራ፤ ስፖንሰር ተገኝቶ ነው።

ጋሼ አስማማው ግራጫ ስካርፍ ጠምጥመው መጡ። «ሰውዬው እኮ አወቀበት!» አሉ። ከዚያ ዓለምጸሐይን አይተው ስካርፉን በእጃቸው ሸፈን አደረጉ። «እንግዲህ ደጋፊ ምን ያደርጋል ልጄ። ኳስ ለሚያሸንፍ ነው እንጂ ለሚያዝን አይደለም።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ያምርብዎታል።»

«እውነት?»

«ከማሊያው ጋር ይሄዳል።»

ሜዳው ላይ ሊያም ኳሷን ይዞ እየሮጠ ነበር። ከኋላው አንዱ የድሮ ልጅ አፉን ሲከፍት ዓለምጸሐይ አየች። ልጁ ወደ አሠልጣኙ ጨረፍ አድርጎ አየና «ስዊች!» ብሎ በእንግሊዝኛ ጮኸ፤ አቅጣጫ ቀይር ማለቱ ነው። አዲሱ አሠልጣኝ ሁሉም ሰው የሚገባው አጭር ቃል ብቻ ይሁን ብሏቸዋል አሉ። ትክክል ነው፤ የማይረባ ምክር አይደለም። ሊያም ኳሷን ለቀቃት። ዓለምጸሐይ እረፍቱ እስኪደርስ ቆማ፣ ጋሼ አስማማውን ተሰናብታ ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ክሬጊበርን ባቡር ተሳፈረች። ያኔትን እጠይቅሻለሁ አለቻት፤ ጠየቀቻትም። ነገር ግን ከቤቷ አስቀድማ የሄደችው እዚያው ሰፈር ከመጋዘኖች ጀርባ ወዳለው ሜዳ ነው። ሩቤል እዚያ የሕፃናት ቡድን ይዟል ብለዋታል።

ሜዳው የተፈጥሮ ሣር ነው፣ እብጠት እብጠት ያለበት። አጥር የለውም፤ የምትደገፈው ነገር አጥታ ከአንድ ዛፍ ሥር ቆመች። ልጆቹ ከዱላቸው ብዙም አይረዝሙም። ሩቤል እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያቸዋል። አንዲት ጠጉሯን ሹሩባ የተሠራች ትንሽ ልጅ ኳሷን አገኘች። ይዛት ሮጠች። ትንፋሿ እስኪቆረጥ ሮጠች። ሦስት ልጆች ከበቧት።

ሩቤል ቀና አለ።

ዓለምጸሐይ ሁለት እጇን ከኪሷ አወጣች።

«ሌት ኢት ራን!» አለ ሩቤል በእንግሊዝኛ፤ ትሩጥ ማለቱ ነው።

እረፍት ሲሆን አያት፤ ፊቱ በራ፤ ሮጦ መጣ። «እትዬ ዓለም! እዚህ ድረስ!»

«ያኔትን ልጠይቅ መጥቼ ነው። በዚያው ልይህ ብዬ።»

«ልጆቹን አዩአቸው? ደህና ናቸው አይደል?»

«ጎበዞች ናቸው።» ልትጠይቀው አላሰበችም ነበር። «አስሩጣት አትላቸውም?»

ሩቤል የፊሽካውን ገመድ ጣቱ ላይ ጠመጠመ። «እዚህ የሚያውቃት የለም፣ እትዬ። እና... አዲስ ክለብ ነው። ይዤ የመጣሁትን ሁሉ በሩ ላይ ትቼ ልግባ ብዬ ነው። የዚያኛውን ክለብ መጨረሻ አይተውታል።»

«ደግ አደረግህ» አለችው።

«ቅር አለዎት እንዴ?»

«እኔን? ምን ቅር ይለኛል። ሥራህን ጠብቅ፣ ልጄ።»

ፊሽካ ተነፋ፤ ሮጦ ተመለሰ። ዓለምጸሐይ ጨዋታው እንደገና ሲጀመር ለማየት ጥቂት ቆየች። ያቺ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ኳሷን ደግማ አገኘች። ሩቤል በእንግሊዝኛ ጮኸ። ልጅቱ በዚህኛው ጊዜ አልሮጠችም፤ ቆም ብላ፣ ምላሷን አውጥታ፣ ባላት አቅም መታቻት። ኳሷ እብጠቱን ዘለለች፣ የሁለቱን ልጆች እግር አለፈች፣ ባዶ ወደ ነበረው ጥግ ሄደች። ያለ ቃሉም ሮጠች።

ወላጆቹ አጨበጨቡ። ዓለምጸሐይም አጨበጨበች፤ ከዚያ ኮቷን እስከ አገጯ ቆልፋ፣ በመጋዘኖቹ መሐል ባለው መንገድ ወደ ልጇ ቤት አቀናች።